«በልታችኋል?»

መሸንቲ የአላፊ አግዳሚ ከተማ ናት። ከባሕር ዳር ተነስቶ ወደ መራዊ፣ ወደ ዳንግላ፣ ወደ እንጅባራ የሚያቀና ሁሉ መሐል ለመሐል ሰንጥቋት ያልፋል። አይቆምባትም። ለምን ይቁም? ከባሕር ዳር ከወጣ ገና ጥቂት ደቂቃው ነው፤ አልራበው፣ አልጠማው፣ ወገቡን አላመመው። እናም እኛ እዚህ የምንኖር ሰዎች የሌላውን ሰው ጉዞ በመመልከት የተካንን ነን ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ለቀስተኛውን ከሠርገኛው፣ ሠርገኛውን ከነጋዴው ገና ከሩቅ እንለየዋለን።

መስከረም አልቆ ጥቅምት ሲገባ፣ ዝናቡ ሲያባራ፣ ኑጉ ማሳውን ቢጫ ሲያለብሰው ደግሞ ሌላ ዓይነት መንገደኛ ነበረን። ቅዳሜ ማለዳ ፊቱ ላይ ባነር የታሰረበት አውቶቡስ ብቅ ይላል። በመስኮቱ ጭብጨባና ከበሮ ይወጣል። ውስጡ ያሉት ሁሉ አንድ ዓይነት ካኔቴራ ለብሰዋል። ሠርግ እንዳንለው ወሩ ጥር አይደለም። «የጉብኝት ጉዞ» ነው። ታሪካዊ ቦታ ሊያዩ፣ ቅርስ ሊጎበኙ እየሄዱ ነው።

«ነበረን» ያልኩት በምክንያት ነው። በ2015 ዓ.ም. ክረምት በክልላችን ውጊያ ከተቀሰቀሰ ወዲህ እያጨበጨበ የሚያልፍ አውቶቡስ ብርቅ ሆነብን። ሰው ለሕመምተኛ፣ ለለቅሶ ወይም ለእንጀራው ካልሆነ ሩቅ መንገድ የሚወጣው ሁለት ጊዜ አስቦ ሆነ። ሰው ደግሞ ያጣውን ነገር ማሳመር ይወዳል። ቡና ላይ ቁጭ ስንል «ወይ ያ ጊዜ! ግሽ ዓባይ የሄድን ጊዜ!» የማይል የለም። ባለፈው ጥቅምት እንዲህ ያለኝን አንድ ወዳጄን «እስኪ ምን አየህ?» ብዬ ጠየቅሁት። ትንሽ አሰበ። «ኧረ ዳንግላ ላይ የበላነው ጥብስ!» አለኝ።

ሳቅን። ቤቴ ስገባ ግን ሳቁ አልተከተለኝም። ያን ጥብስ እኔም በልቼዋለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2011 ዓ.ም. ጥቅምት ውስጥ አንድ ማኅበር (ስሙ ይቆየን) «ታሪካችንን እንወቅ» በሚል መፈክር የግሽ ዓባይ ጉዞ አዘጋጀ። ክፍያው መጓጓዣን፣ ቁርስን፣ ምሳንና ካኔቴራን ይጨምራል ተባለ። ከባሕር ዳር የመጣው አውቶቡስ መሸንቲ ላይ ቆሞ ሁለት ሰው አነሳ። አንዱ እኔ ነኝ። ሁለተኛዋ ጎረቤቴ የሆኑ፣ በዕድሜ የገፉ እናት ናቸው። የተሰጣቸውን ካኔቴራ አመስግነው ተቀበሉና አጣጥፈው ዘንቢላቸው ውስጥ ከተቱት። በሌላው እጃቸው ባዶ ጀሪካን ይዘዋል። እኔ ካኔቴራዬን እዚያው አጠለቅሁት።

መራዊን አልፈን ወተት ዓባይ ስንደርስ አስተባባሪው ማይክራፎኑን አንስቶ የጥያቄና መልስ ውድድር ከፈተ።

«ዓባይ የሚነሳው ከየት ነው?»

«ከጣና!»

«ትክክል! ይጨብጨብለት!»

ልጁ ኮፍያ ተሸለመ። ልብ በሉ፣ የምንሄደው ግሽ ዓባይ ነው። ይባስ ብሎ ጭብጨባው ሳያልቅ አውቶቡሳችን የተሻገረው ድልድይ የግልገል ዓባይ ድልድይ ነበር። ከግሽ የሚነሳው ውኃ ወደ ሰሜን ወርዶ ጣና የሚገባው በዚሁ በኩል ነው፤ ወደ ጣና ከሚገቡት ወንዞች ሁሉ ትልቁም እሱ ነው። ልናየው ያን ያህል አገር የምናቋርጥለት ውኃ ከጎማችን ሥር ሲፈስ አንድ ሰው በመስኮት ዞር ብሎ አላየም። «ከጣና» ባለው ልጅ አልፈርድም፤ እኔንም ትምህርት ቤት ያስተማሩኝ እንደዚያው ነው። ካርታው ዓባይን ከጣና ያስጀምረዋል፤ ቤተ ክርስቲያኑና የአገሩ ሰው ደግሞ ከግሽ። ሁለቱም በቂ ምክንያት አላቸው። የከነከነኝ ክርክሩ አለመነሳቱ ነው። እንዲህ ያለ የሚጥም ክርክር እጃችን ላይ እያለ በኮፍያ ዘጋነው።

ዳንግላ ስንደርስ ለቁርስ ወረድን። ጥብሱ ቀረበ፤ ወዳጄ እስከ ዛሬ የሚያስታውሰው ማለት ነው። ወርኃ ጽጌ ስለነበር ጾመኞች አልጠፉም፤ ለእነሱም ሽሮ መጣላቸው። ጎረቤቴ ግን ከሁለቱም አልነኩም። አስተባባሪው አጠገባቸው መጥቶ፣ «እማማ፣ ይብሉ እንጂ! ተከፍሎበታል እኮ!» አላቸው። «ይቆየኝ ልጄ» አሉት። አመማቸው ብለን አዘንንላቸው። እኔ እንዲያውም አምቦ ውኃ ልግዛልዎት ብያቸው ነበር።

እንጅባራን አልፈን፣ ቲሊሊ ላይ ወደ ግራ ታጥፈን፣ ሰከላ ገባን። ከአውቶቡስ ወርደን ከበሯችንን እየመታን ወደ ምንጩ ሄድን። አጥሩ ጋ አንድ አባት ቆመዋል። ሰላምታ ሰጡንና አንዲት ጥያቄ ብቻ ጠየቁን።

«በልታችኋል?»

የቦታው ሥርዓት ነው። እህል የቀመሰ ሰው ወደ ምንጩ አይቀርብም፤ ጫማም ይወልቃል። የአገሩ ሰው ይህን ከእናቱ ጡት ጋር ነው የሚያውቀው። ከመነሳቱ በፊት የጠየቀ ማንኛውም እንግዳም ያውቀዋል። «ታሪካችንን እንወቅ» ብሎ አውቶቡስ የተከራየው ማኅበራችን ግን ቁርስን በክፍያው ውስጥ አካቶ ነበር የመጣው።

አስተባባሪው ለአንድ አፍታ እንኳ አላመነታም። «አልበላንም አባ!» አለ። ከኋላው የነበርነው ዝም አልን። ዝምታም እኮ ንግግር ነው። አባ አንድ በአንድ ሲያዩን ቆይተው እኔ ጋ ሲደርሱ ዓይናቸው ደረቴ ላይ አረፈ። ጎንበስ ብዬ አየሁት። «ታሪካችንን» ከሚለው ቃል ዝቅ ብሎ የጥብስ ዘይት ጠብ ብሎበታል። «አንተስ?» አሉኝ። «አልበላሁም» አልኩ። እንዲህ ብዬ ስናገር አፌ ሽንኩርት ሽንኩርት ይል ነበር። አባ አልተከራከሩኝም። «እሱ ያውቃል» ብለው መንገድ ለቀቁልን።

ውስጥ የቆየነው ሃያ ደቂቃ ገደማ ነው። ባነሩ ተዘረጋ፤ ባነሩ ፊት ተደረደርን፤ ፎቶ ተነሳን። ከዚያ ደግሞ የየግላችንን ሰልፊ። «ፈጠን ፈጠን፣ ምሳ ይቀዘቅዛል!» የሚለው ድምፅ መጣ። አባን አንዲት ነገር የጠየቃቸው ሰው አልነበረም። ጎረቤቴ ብቻ ጥግ ላይ ተንበርክከው ጸለዩ፣ ጀሪካናቸውን ሞሉ፣ የአባን መስቀል ተሳለሙ።

ስንመለስ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። ሙዚቃው በርትቶ ስለነበር ጆሮዬን ወደ አፋቸው ማስጠጋት ነበረብኝ። የአቡነ ዘርዓ ብሩክን ታሪክ የሰማሁት ያኔ ነው። ጻድቁ ሊታሰሩ ሲወሰዱ መጻሕፍታቸውን ለውኃው አደራ ሰጡ፤ ተፈትተው ሲመለሱ ዓባይ መጻሕፍቱን አንዲት ፊደል ሳይረጥብ መለሰላቸው። ቦታው የሚከበረው በዚህ ነው፤ ጾሞ መቅረቡም የዚያ ክብር ወግ ነው። ያመነ ያምናል፣ ያላመነም ቢሆን አንድ ነገር ይማርበታል፤ የዚያ አገር ሰው ውኃን እንዴት እንደሚያስብ። ይህን ታሪክ ቦታው ላይ ልሰማው ስችል፣ ሃያ ደቂቃዬን ባነር ፊት ቆሜ ጨርሼ፣ አውቶቡስ ውስጥ በሙዚቃ መሐል ሰማሁት።

ፈረንጅ ጠቅሶ ወገንን መውቀስ ደስ አይለኝም፤ ግን አንድ ጊዜ ፍቀዱልኝ። ስፔናዊው ካህን ፔድሮ ፓኤዝ እዚህ ቦታ በ1618 እ.ኤ.አ. ከአፄ ሱስንዮስ ጋር መጥቶ ነበር። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ ደግሞ በኅዳር 1770 ደረሰ። ብሩስ ጉረኛ ሰው ነው። ከእሱ በፊት የደረሰውን ፓኤዝን ሊሰርዝ ብዙ ደክሟል፤ ምንጩን ለዘመናት ሲጠብቁት የኖሩትን ሰዎች ፊት አቁሞ «አገኘሁት» ብሏል፤ ለንጉሡ ለሣልሳዊ ጆርጅ ጤና ብሎም ከዚያው ውኃ ጠጥቷል። እንግዲህ እኛ ከእሱ የምንሻለው በምንድን ነው? እሱ እንኳ ጫማ ይወልቃል ሲሉት አውልቆ እንደገባ ራሱ ጽፏል። ጠይቆ፣ ለክቶ፣ መዝግቦ ሄዷል፤ በ1790 ያሳተመው መጽሐፍ አምስት ቅጽ ነው። ከእኛ አውቶቡስ የወጣው የጽሑፍ ቅርስ «ዋው ግሽ!» የሚል የፌስቡክ መግለጫ ነበር።

የግሽ ነገር ብቻ ቢሆን ባልጻፍኩ። ባሕር ዳር ያላችሁ ታውቁታላችሁ፤ እሑድ እሑድ ዘጌ የሚሄደው ጀልባ ምን እንደሚመስል። ገዳማቱ ያሉበት ደን ጋ ሲጠጋ እንኳ የድምፅ ማጉያውን ዝቅ የሚያደርግ ስንቱ ነው? ዘጌ መሬት የማይታረስበት፣ በሬ የማይጠመድበት አገር ነው፤ የአቡነ በትረ ማርያም ቃል ነው ይባላል። ሕዝቡ በቡናና በጌሾ የሚተዳደረው፣ ደኑም እስከ ዛሬ የቆመው ለዚህ ነው። ይህን ሳይሰሙ በደኑ ውስጥ አቆራርጠው ኡራ ኪዳነ ምሕረት የሚደርሱ ሰዎች የግድግዳውን ሥዕል ጀርባቸው አድርገው ፎቶ ይነሳሉ። ሥዕሉን ለማየት ደግሞ በኋላ ስልካቸውን ይከፍታሉ።

ጢስ ዓባይም ላይ እንደዚሁ ነው። በመጋቢት ሄዶ «ይኼ ነው እንዴ ፏፏቴው?» ብሎ ተናዶ የሚመለስ ሰው ሞልቷል። በ2002 ዓ.ም. 460 ሜጋ ዋቱ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ከተመረቀ ወዲህ የሐይቁ ውኃ በሌላ በኩል ወደ በለስም እንደሚሄድ፣ ፏፏቴውን በሙሉ ግርማው ማየት የፈለገ ሰው ከክረምቱ መውጫ እስከ ጥቅምት መሄድ እንዳለበት የሚነግረው የለም። እሱም አይጠይቅም። ቤቱ ያለውን አምፖል ሲያበራ የፏፏቴው ድርሻ እንዳለበት ቢያውቅ ኖሮ ንዴቱ ራሱ ቁም ነገር ይሆን ነበር።

«አንተ ደግሞ! ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሲለፋ ሰንብቶ ቢዝናና ምን አለበት? ቅርስ ማለት ፊት ማኮሳተር ነው?» የሚለኝ አይጠፋም። አይደለም። ጥር 23 እንጅባራ ላይ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ሲጋልቡ ያየ ሰው ቅርስና ደስታ እንደማይጣሉ ያውቃል። አቧራው፣ እልልታው፣ የፈረሱ ጌጥ፣ ሁሉም ጨዋታ ነው። ጨዋታው ግን የባለቤቶቹ ነው፤ ፈረሱን ዓመቱን ሙሉ ቀልቦ፣ ወጉን ከአባቱ ተቀብሎ የሚመጣ ሰው ነው የሚጋልበው። እኛም ከበሮ መያዛችን ክፉ አልነበረም። ክፉው ነገር ያለንበት ቦታ ሳይለይ አንዱኑ ከበሮ መምታታችን ነው። ያው ጭብጨባ፣ ያው ጥብስ፣ ያው ባነር ግሽም ይሁን ዘጌ፣ ከባሕር ዳር ሳንወጣ ብናደርገውስ ምን ይጎድለው ነበር? ነዳጁም በተረፈ።

ገንዘቡንም ነገር ላንሳው። ያን ቀን የከፈልነው ገንዘብ ለአውቶቡሱ ደረሰ፣ ለምግብ ቤቱ ደረሰ፣ ካኔቴራ ለሚያትመው ደረሰ። ለቦታው የደረሰው ሙዳየ ምጽዋቱ ውስጥ የጣልነው ዝርዝር ነው። የጉዞው ሪፖርት ግን «ይህን ያህል ሰው ታሪካዊውን ቦታ ጎበኘ» ብሎ ይዘጋል። ቁጥሩ ትክክል ነው፤ እኔም ተቆጥሬያለሁ።

አሁን ሰው «ሰላም ወርዶ፣ መንገዱ ተከፍቶ፣ እንደ ድሮው በሄድን» ሲል እሰማለሁ። ሰላሙንስ አሜን! «እንደ ድሮው» የሚለው ላይ ግን አፌ አሜን አልልም አለ። ባለፈው ጥቅምት ወዳጄ ስለ ጥብሱ ያወጋኝ ዕለት ማታ ጎረቤቴ ጋ ቡና ልጠጣ ገባሁ። ያ ጀሪካን አሁንም በር ሥር አለ፤ ጸበሉ ካለቀ ቆይቷል፤ ሰፈር ውስጥ ሰው በታመመ ቁጥር እየተለመኑ ሰጥተው ጨረሱት። የነገር ነገር ሲነሳ ያን ቀን የተነሳነውን ፎቶ ከስልኬ ላይ ፈልጌ አሳየኋቸው። ዓይናቸው ደክሟል፤ ስልኩን ወደ መብራቱ አስጠግተው ብዙ አዩት። እኔን ለዩኝ። አስተባባሪውንም ለዩት፤ «ያ ተከፍሎበታል ያለኝ ልጅ» አሉ። ከዚያ፣

«ውኃው የታለ?» ብለው ጠየቁኝ።

ከባነሩ ጀርባ ነው አልኳቸው።