ሁለቱም ሰባ አምስት የተባሉ ጊደሮች

ባለፈው ሚያዝያ ለተግባር ልምምድ አብራኝ የምትዞር ተማሪ ከጫግኒ ወጣ ብሎ ባለ አንድ ግቢ ሁለት ጊደሮች አየችና ግራ ገባት። እናታቸው አንዲት ዲቃላ ላም ናት፤ ኮርማቸውም አንድ ነው። የሁለቱም ካርድ የፈረንጅ ደማቸውን «75 በመቶ» ይላል። ታላቅየዋ ሻኛ የሚባል የላትም፤ መዥገር ወርሷታል፤ እኩለ ቀን ላይ ምላሷን አውጥታ ታለከልካለች። ታናሽየዋ ሻኛዋ ጉብ ብሎ፣ በዚያው ፀሐይ ሜዳው ላይ ደህና አድርጋ ትግጣለች።

«ጋሼ፣ አባላዘሩ ተቀይሮ ይሆን?» አለችኝ ቀስ ብላ። ባለቤቱም «ዶክተር፣ እኔም ይህንኑ ነው የጠረጠርኩ» አሉ።

አልተቀየረም፤ መዝገቡን አይቻለሁ። ሰውን የሚያሳስተው ካርዱ ላይ የሚጻፈው መቶኛ ነው። በዚህ ቁጥር የተነሳ ከሙያ ባልደረቦቼ ጋር ዓመታት ተከራክሬያለሁ፤ አሁንም አልተውኩም።

ጫግኒ አጠገብ ባለው የመተከል ከብት ማራቢያ ጣቢያ የጣና ዳሮቹ የፎገራ ላሞች በፈረንጁ ሆልስታይን አባላዘር እየተዳቀሉ ዲቃላ ጊደሮች ለአርሶ አደሩ ሲከፋፈሉ ኖረዋል። እነዚህን «50 በመቶ» ማለት ትክክል ነው። የከብት ህዋስ 60 ክሮሞዞም አለው፤ 30 ከፎገራዋ፣ 30 ከፈረንጁ። እያንዳንዷ ጊደር እኩል ለእኩል ስለያዘች የጣቢያው ጊደሮች እርስ በርስ ይቀራረባሉ። ገበሬው አንዷን አይቶ ሌላዋን ቢገዛ ብዙም አይከፋውም።

ጣጣው የሚመጣው ያቺ ጊደር ራሷ እናት ስትሆን ነው። በእንቁላሏ ውስጥ 60ው ወደ 30 ሲወርድ ከየጥንዱ አንዱ ይሄዳል፤ የፎገራው ይሂድ የፈረንጁ ግን የሚወስን የለም። ከመለያየታቸው በፊትም ጥንዶቹ ጎን ለጎን ተጣብቀው ቁራጭ ይለዋወጣሉ። ስለዚህ አንዱ ክሮሞዞም እንኳ ግማሽ ጎኑ የጣና ዳር፣ ግማሽ ጎኑ የፈረንጅ አገር ሆኖ ይወጣል። ይህን መለዋወጥ ትተን የጥንዶቹን ዕጣ ብቻ ብንቆጥር፣ ከአንዲት ላም ከአንድ ቢሊዮን በላይ ዓይነት እንቁላል ሊገኝ ይችላል።

አሁን ሒሳቡን በግርድፉ እንሥራው። ኮርማው ንጹሕ ሆልስታይን ነውና 30ውም የፈረንጅ ነው። የእናትየዋ እንቁላል 11 የፈረንጅ ክሮሞዞም ከደረሰው ጥጃዋ 68 በመቶ ትሆናለች፤ 19 ከደረሰው ወደ 82 ትጠጋለች። በካርዱ ላይ ሁለቱም 75 ናቸው። ሁለቱ በትክክል 75 ቢሆኑ እንኳ የትኛው ቁራጭ ለየትኛዋ ደረሰ የሚለው ይቀራል። አንዷ ሙቀት የሚያስችለውን ስትወርስ ሌላዋ ወተቱን ወስዳ ሙቀቱን አትችልም። ገንዲና መዥገር ባለበት እንደኛ ባለ አገር ይህ ልዩነት ጊደሯ ትከርማለች ወይስ አትከርምም የሚለውን ጥያቄ እስከ መወሰን ይደርሳል።

አንድ ባልደረባዬ «አማካዩ ይበቃል፣ ለእቅድ የሚያስፈልገው እሱ ነው» ይለኛል። ለወረዳ እቅድ ይሁን፤ እስማማለሁ። እሱ ግን «75 ናት» ብሎ ለሁለቱም አንድ ዓይነት መኖና አንድ ዓይነት ኮርማ ያዛል። እዚህ ላይ አንስማማም። በመዥገር የተበላችዋን ጊደር እንደገና በሆልስታይን ማዳቀል ጥጃዋን አስቀድሞ መጉዳት ነው፤ እሷ የፎገራ ኮርማ ነው የሚያስፈልጋት። ጊደሯን ቆሞ ማየት፣ በፀሐይ ስትውል መከታተል፣ ቆዳዋን መዳሰስ ከማንኛውም መቶኛ ይበልጣል ባይ ነኝ። ለዚህም ነው የፎገራ ኮርማ ከመንደሩ ፈጽሞ ሲጠፋ የምቆጨው። የጠፋውን ቁራጭ የትኛውም እንቁላል መልሶ ሊያወጣው አይችልም።

ገበሬው ሁልጊዜ የሚጠይቀኝ ስለ ኮርማው ነው። እኔን ግን በሥራዬ ሁሉ የሚያስደንቀኝ የእናትየዋ ነገር ነው። ካረገዘች ሦስት ወር ያለፋትን ላም ስመረምር፣ በጓንቱ ውስጥ ጣቶቼ ማህፀኑ ላይ ያርፋሉ፤ የፅንሱ ውሃ ሲወዛወዝ ይሰማኛል። ያ ፅንስ እንስት ከሆነች በእሷም የእንቁላል እጢ ውስጥ 60ውን ወደ 30 የሚያወርደው ክፍፍል፣ ሜዮሲስ፣ በዚያው ሰሞን ጀምሯል። ያን ጊዜ እጄ ስር ሦስት ትውልድ አለ፤ አያት፣ እናት፣ የልጅ ልጅ። ቁራጭ የመለዋወጡ ሥራ ጊደሯ ሳትወለድ ያልቅና እንቁላሉ ባለበት ቆሞ ይጠብቃል። ጊደሯ አድጋ ኮርማ ስትፈልግ አንዱ ከቆመበት ይነሳል፤ የመጨረሻው ክፍፍል የሚፈጸመው የወንዴው ዘር ሲገባበት ነው። ኮርማ ስትፈልግ ጠዋት የታየችውን ማታ፣ ማታ የታየችውን በማግስቱ ጠዋት ማዳቀል የምንለው ደንባችንም ያ ረጅም ጥበቃ ሲያበቃ ለመድረስ ነው። ሰዓቱ ካለፈ እንቁላሉ ይበላሻል።

ነገሩ ለእኔ የላም ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ እኔም በቤታችን ከወንድሞቼና ከእህቶቼ ተለይቼ የወጣሁ ልጅ ነበርኩ። ቁመቴም መልኬም ለብቻው ነው። እንግዳ በመጣ ቁጥር «ይኼ ደግሞ ከማን ወጣ?» ይባላል፤ እናቴም አንገቷን ትደፋለች። ያንን አንገት መድፋት እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። መልሱን ያገኘሁት በዚህ ሥራ ነው፤ በየበረቱ እየዞርኩ፣ በየዓመቱ ከአንድ ላም የሚወለዱትን ጥጆች እያየሁ። ቤት ሄጄ ለእናቴ ስለ ላሞቹ ነገርኳት። ዝም ብላ ሰማችኝና «ታዲያ የአባቴን ቁመት ነው የያዘው ስላቸው ማን ሰማኝ?» አለች።

ስለዚህ በደብተሬ ከመቶኛው በፊት የላሚቱን ስም እጽፋለሁ፤ ዳልቻ፣ ቡሬ፣ ጉራች። ቀጥዬ ጥጃዋ በጋውን እንዴት እንደከረመች፣ መዥገር እንደበዛባት ወይም እንዳልበዛባት፣ አድጋ ስትወልድም ምን ያህል ወተት እንደሰጠች እመዘግባለሁ። አዲስ አዳቃይ ሲመደብ በመጀመሪያው ሳምንት አባላዘር አላስነካውም። ደብተሩን ይዞ ከእናትየዋ ጀምሮ በረት ለበረት ጥጆቿን ሁሉ እንዲያይ አዞረዋለሁ።