የዛፍ ቁስልና የገበታ ሕሊና

ገና ጎሕ ሲቀድ አንድ ሰው መጥረቢያ ይዞ ወደ መናፈሻ ይገባል። ከጎኑ ራሱ የሠራው ሣጥን አለ፤ የሰው ጆሮ ሊደርስበት የማይችለውን እጅግ ቀጭን ድምፅ ወደሚሰማ ድምፅ የሚለውጥ መሣሪያ ነው። ማዳመጫውን ከጆሮው አጥልቆ መጥረቢያውን በአንድ ትልቅ የቢች ዛፍ ግንድ ላይ ያሳርፋል። የሚሰማውም ከሥር የመጣ፣ የተጎተተና የታፈነ ማቃሰት ነው። ሮአልድ ዳል እ.ኤ.አ. በ1949 ባሳተመው «የድምፅ መሣሪያው» በተሰኘ አጭር ልቦለድ ውስጥ የሚገኘው ይህ ትዕይንት፣ ዕፅዋት ሕመም ይሰማቸዋል ወይ የሚለውን ጥያቄ ከቤተ ሙከራ አውጥተው ከሰው ሕሊና ደጃፍ ካቆሙት የሥነ ጽሑፍ ሥራዎች አንዱ ነው።

ጥያቄው የቅንጦት ሊመስል ይችላል። በየዘመኑ የሚነሣበት ምክንያት ግን አለው። እ.ኤ.አ. በ1944 በእንግሊዝ አገር ዶናልድ ዋትሰንና ጥቂት ጓደኞቹ ሥጋን ብቻ ሳይሆን ወተትን፣ ቅቤንና እንቁላልን ጭምር የተው ሰዎች ማኅበር ሲያቋቁሙ «ቪጋን» የሚል አዲስ ስም አወጡ። እንስሳ ሕመም የሚሰማው ፍጡር ነውና ለሰው ምቾት ሲባል ሊሠቃይ አይገባም የሚለው የዚህ እንቅስቃሴ ዋነኛ መከራከሪያ ነው። ይህ አስተሳሰብ በተነሣበት ገበታ ሁሉ ፈጥኖ የሚሰነዘር አንድ መልስ አለ፤ «ጎመኑስ ነፍስ የለውም ወይ?» የሚል። መልሱ ብልህ ይመስላል፤ አጉራሹንም ጎራሹንም ያስቃል። ከሣቁ በስተጀርባ ግን ወጥመድ አለ። ሁሉም የሚታመም ከሆነ የማንም ሕመም አይቆጠርም፤ የማንም ሕመም ካልተቆጠረ ደግሞ ቢላዋው እንደ ወትሮው ሥራውን ይቀጥላል።

ይህን ወጥመድ በከፍተኛ ጥበብ ያጠመደው ደራሲ ሳሙኤል በትለር ነው። «ኤረዎን» የተሰኘው ልቦለዱ፣ ርእሱ «የትም ያልሆነ ስፍራ» የሚል ትርጉም ካለው የእንግሊዝኛ ቃል ፊደሎቹ ተዘበራርቀው የተሠራ ሲሆን፣ መጀመሪያ የታተመው እ.ኤ.አ. በ1872 ነው። ደራሲው ያን ጊዜውኑ በጨለማ ምድር ቤት የተጣለ ድንች ወደ መስኮቱ ብርሃን የሚዘረጋውን ቡቃያ እያሳየ፣ ይህ ብልሃት አይደለም ወይ ብሎ ይጠይቅ ነበር። በ1901 ተሻሽሎ በወጣው እትም ላይ ደግሞ ስለ እንስሳትና ስለ አትክልት መብት የሚናገሩ ሁለት ምዕራፎችን ጨመረ። በመጀመሪያው ምዕራፍ አንድ ነቢይ ተነሥቶ የኤረዎንን ሕዝብ ሥጋ ያስተዋል፤ በራሱ ሞት ከሞተ እንስሳ በቀር መብላት ይከለከላል። ወዲያው በአገሩ ላይ እንግዳ ነገር ይታያል። በጎችና ከብቶች በአጠራጣሪ ሁኔታ መሞት፣ አልፎም ራሳቸውን ማጥፋት ያበዛሉ፤ በአቅራቢያው የሥጋ ሻጭ ቢላዋ ካለ አሽትተው ሄደው ይወድቁበታል። እዚህ ላይ የበትለር ስላቅ ለሁሉም ዘመን የሚበቃ ነው። ሕግ ሲወጣ ሕጉን የሚያከብሩ መስለው በጓዳ የሚያፈርሱትን፣ የወረቀቱን ቃል ጠብቀው ነፍሱን የሚገድሉትን ሁሉ ከነገበታቸው ያጋልጣል።

ሁለተኛው ምዕራፍ የባሰ ነው። የዕፅዋት ሊቅ የሆነ አንድ ፈላስፋ ይነሣና፣ እንስሳን መግደል ኃጢአት ከሆነ ሥሩን ወዴት እንደሚሰድ፣ ቅጠሉን ወዴት እንደሚያዞር የሚያውቀውን ተክል መግደልም ኃጢአት ነው ብሎ ያስተምራል። የስንዴ ፍሬ ሕይወት አለባትና አትፈጭም፤ የሚበላው ሊበሰብስ ሲል ከመሬት የወደቀ ፍሬና በበልግ መጨረሻ የገረጣ የጎመን ቅጠል ብቻ ይሆናል። ሕዝቡም በመጨረሻ ሁለቱንም ትምህርት አሽቀንጥሮ ይጥልና ወደ ሥጋው ይመለሳል። በትለር እንደ ዋዛ ጣል የሚያደርጋት አንዲት ፍንጭ ግን የምዕራፉ ቁልፍ ናት። ብዙዎች እንደሚያምኑት ፈላስፋው በስውር ሥጋ ወዳድ ስለ ነበረ የራሱን ትምህርት አላመነበትም፤ ዓላማው የነቢዩን ሕግ መሳለቂያ ማድረግ ነበር።

ሐያሲ እዚህ ላይ ቆም ማለት አለበት። በትለር ራሱ እ.ኤ.አ. ከ1859 እስከ 1864 በኒውዚላንድ በግ አርቢ ነበር፤ ከእንግሊዝ ይዞት የሄደውን ገንዘብ በበጎች አብዝቶ ነው የተመለሰው። ይህን ማስታወስ ደራሲውን ለመክሰስ አይደለም። ስላቁ ለማን እንደሚያደላ ለመረዳት ግን ይጠቅማል። በኤረዎን መድረክ ላይ ነቢዩ፣ ፈላስፋውና ሥጋ ሻጩ ሁሉ ይናገራሉ፤ በጉ ግን በቀልድ መልክ ብቻ ብቅ ብሎ ይሞታል። ከዚህም በላይ ፈላስፋው አንድ ሒሳብ ዘሏል፤ ደራሲውም አላረመውም። በሬ ሥጋ የሚሆነው ሣርና እህል በልቶ ነው። ለአንድ ኪሎ ሥጋ ብዙ ኪሎ መኖ ያልቃል። ስለዚህ ተክል በእርግጥ ይታመማል ብንል እንኳ፣ ብዙ ተክል የሚያስጨርሰው ጎመን በሊታው ሳይሆን ሥጋ በሊታው ነው። የፈላስፋው ክርክር ሣሩን አይቶ ገደሉን ያላየ ክርክር ነው።

የጥያቄውን ቁሳዊ መሠረት ለመመርመር ሳይንሱን መጠየቅ ተገቢ ነው። ሕንዳዊው ሊቅ ጃጋዲሽ ቻንድራ ቦስ ተክሎች በሙቀት፣ በመርዝና በመቁሰል ጊዜ የኤሌክትሪክ ምላሽ እንደሚሰጡ በረቀቁ መሣሪያዎች አሳይቷል። ይህ ትልቅ ሥራ ነው። በተቃራኒው እ.ኤ.አ. በ1966 አሜሪካዊው ክሊቭ ባክስተር የውሸት መመርመሪያ መሣሪያ በአንድ የቤት ተክል ቅጠል ላይ አያይዞ፣ ተክሉ የሰውን አሳብ ያነብባል እስከ ማለት ደረሰ። በ1973 የታተመው «የዕፅዋት ስውር ሕይወት» የተሰኘ መጽሐፍም ይህን ወሬ ለዓለም ነዛው። በ1975 የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ሙከራውን በጥንቃቄ ሲደግሙት የተባለው ውጤት አልተገኘም።

የቅርቡ ምርምር ግን ዳልን ያስታውሳል። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት፣ አባጨጓሬ ቅጠል ሲነክስ የካልሲየም ማዕበል በተክሉ ውስጥ ተጉዞ በደቂቃዎች ውስጥ ሩቅ ያሉትን ቅጠሎች እንደሚያስጠነቅቅ በምስል አሳየ። በ2023 ደግሞ የቴል አቪቭ ተመራማሪዎች፣ ውኃ የተጠማ ወይም ግንዱ የተቆረጠ የቲማቲምና የትምባሆ ተክል በሰዓት ከ30 እስከ 50 ያህል፣ ሰው የማይሰማው የጠቅታ ድምፅ እንደሚያሰማ አስታወቁ። የልቦለዱ ሣጥን ከ74 ዓመት በኋላ ተሠራ ለማለት ይቻላል። ይሁን እንጂ ድምፁ ውኃ በሚያመላልሱት ቀጫጭን ቧንቧዎች ውስጥ የአየር አረፋ ሲፈጠርና ሲፈነዳ የሚሰማ ሳይሆን አይቀርም። ተክል ነርቭም አንጎልም የለውም። ምላሽ መስጠት አንድ ነገር ነው፤ መታመም ሌላ ነው። የጎመኑ ጥያቄ መልስ ያጣ የሚመስለው ሁለቱ ሲምታቱ ነው።

ታዲያ የዳል ልቦለድ በሳይንስ ስላልጸና ይወድቃልን? አይወድቅም። የዳል ብልሃት ጩኸቱን ከአንድ ሰው በቀር ማንም እንዳይሰማው ማድረጉ ነው። ባለ መሣሪያው ሐኪም ይጠራል፤ ማዳመጫውን ያጠልቅለታል፤ መጥረቢያውን ዳግም ያነሣል። በዚያች ቅጽበት ትልቅ ቅርንጫፍ ተገንጥሎ ይወድቅና መሣሪያውን ይሰባብረዋል። ሐኪሙ ሰምቶ እንደ ሆነ ሲጠየቅ እርግጡን አይናገርም። ከዚያ በኋላ የሚመጣው የልቦለዱ ምርጥ ስፍራ ነው፤ ሰውየው የዛፉን ቁስል አዮዲን እንዲቀባው ሐኪሙን ያስገድደዋል፤ ሐኪሙም መጥረቢያ የያዘውን እጅ እያየ ይቀባል። ርኅራኄና እብደት በአንድ ጠርሙስ ውስጥ ገብተዋል፤ ደራሲውም ሊለያቸው አልሞከረም።   

በአገራችን የሥጋና የወተት መተው እንግዳ አይደለም፤ የጾም ገበታ በዓመቱ ውስጥ ለብዙ ወራት ይዘረጋል። ነገር ግን ጾም የሚመለከተው የጾመኛውን ሥጋና ፈቃድ እንጂ የበሬውን ሕመም አይደለም፤ ሁለቱን አንድ አድርጎ ማቅረብ ስሕተት ነው። ቪጋንነትም ቢሆን ሁሉን የሚለካ ሚዛን አይሆንም። እህል በማይበቅልበት የአፋር ምድር፣ ሰው የማይበላውን ሣርና ቁጥቋጦ ወደ ወተት የምትለውጥ ግመል የሕይወት መሠረት ናት። መኖ ተገዝቶለት በቤት ተዘግቶ ከሚሰባ ከብት ጋር እርስዋን በአንድ መዝገብ መክሰስ ፍርደ ገምድልነት ይሆናል።

የደቡብ ኮርያዋ ደራሲ ሃን ካንግ እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተመችው «ሥጋ የማትበላው» ልቦለድ ነገሩን ወደ ሌላ ስፍራ ይወስደዋል። ደራሲዋ በ2024 የኖቤል ሽልማት አግኝታለች። ዬንግ ሄ የተባለችው ባለታሪክ በደም የተሞላ ሕልም አይታ ሥጋ መብላት ታቆማለች። ስትጠየቅ ክርክር አታቀርብም፤ ሕልም አየሁ ነው የምትለው። በቤተሰብ ግብዣ ላይ አባቷ በጥፊ መትቶ ሥጋውን በግድ ወደ አፏ ይከትታል። በትለር በነቢይና በፈላስፋ የጻፈውን ክርክር ሃን ካንግ በአንድ የአባት እጅ ጻፈችው፤ በዚያ ገበታ ላይ የበሬው ሕመምና የልጅቱ ሕመም ጌታቸው አንድ ነው። ልቦለዱ ሦስት ክፍል ሲኖረው አንዱም በእርሷ አንደበት አይተረክም፤ ስለ እርሷ የሚነገረን ከባሏ፣ ከእህቷ ባልና ከእህቷ ወገን ነው። ቅርጹ ይዘቱን ተሸክሟል ማለት ይህ ነው።

በመጨረሻው ክፍል ዬንግ ሄ ሆስፒታል ውስጥ በእጆቿ ቆማ እግሮቿን ወደ ሰማይ ትሰቅላለች፤ ከእጆቿ ሥር እንደሚወጣ፣ ውኃና ፀሐይ ብቻ እንደሚበቃት ታምናለች። ለኤረዎን ፈላስፋ ተክል የሥጋ ማመካኛ ነበር፤ ለእርሷ ከዓመፅ ውጪ የቀረ ብቸኛ አካል ነው። ምርጫዋ ግን ወደ ሞት እየወሰዳት መሆኑን ደራሲዋ አትሸፍንም። እህትየዋ በአምቡላንስ ውስጥ ከጎኗ ተቀምጣ በመንገዱ ዳር ያሉትን ዛፎች አፍጥጣ ትመለከታለች፤ ሃን ካንግም ዛፎቹን አታናግራቸውም።