ወጥ የማይሠራበት ወጥ ቤት

ጎረቤቴ የወጥ ቤታቸውን የዋንዛ ካቢኔት አስነቅለው በቺፑድ ሊያስተኩ ነው። «ፋሽኑ አልፎበታላ!» አሉኝ። እኔ ደግሞ ያረጀው ቫርኒሹ እንጂ እንጨቱ አይደለም ባይ ነኝ። በብርጭቆ ወረቀት ታሽቶ አዲስ ቫርኒሽ ቢቀባ፣ ማጠፊያና እጀታው ቢቀየር ሌላ ዘመን ይሻገራል። ቺፑድ እንደሁ ውኃ ከጠጣ ያብጣል።

በሚተርፈው ብር ጓሮ ላለው ማድ ቤት የጭስ መውጫና ደህና መብራት እንዲያሠሩለት መከርኳቸው።

«እሱን ደግሞ ማን ያየዋል?»

እውነታቸውን ነው፤ እንግዳ አያየውም። እንጀራው የሚጋገረው፣ ሽንኩርቱ የሚቁላላው ግን እዚያ ነው። ሠራተኛዋም ዓይኗ በጭስ ቀልቶ የምትወጣው ከዚያው ነው። ወጥ የማይሠራበትን ወጥ ቤት እያሳመርን፣ የሚሠራበትን ለጭስ ትተነዋል። እስቲ ካቢኔት ከመንቀላችን በፊት ጓሯችንን እንይ።