የዘንዶው ምስ

ሰውና ዘንዶ ለዕድሜ ልክ የተሳሰሩበትን ዓለም ስጽፍ አስቀድሜ የምወስነው ዘንዶው ምን እንደሚበላ፣ ማን እንደሚያበላው፣ ሳይበላ ያደረ ዕለትም ምን እንደሚያደርግ ነው። ክንፉና እሳቱ ኋላ ይደርሳሉ። ይህን ቅደም ተከተል የያዝኩት ካርቱም ስኖር ነው። ያኔ ደይም ሰፈር ከነበሩት የሐበሻ ቡና ቤቶች በአንዱ ጥግ ይዤ እጽፍ ነበር፤ ድልድዩን ተሻግሬ ኦምዱርማን በሄድኩ ጊዜ ደግሞ ከአንዱ ግቢ የዛር ከበሮ ይሰማኝ ነበር። የምጽፈውና የምሰማው ነገር አንድ መሆኑን ለመረዳት ጊዜ ወስዶብኛል።

በእንግሊዝኛ የሚጻፉት የዘንዶ ልቦለዶች አብዛኞቹ የአን ማካፍሪ ዕዳ አለባቸው። እ.ኤ.አ. በ1968 በወጣው «ድራገንፍላይት» የዘንዶ ጫጩት እንቁላሉን ሰብሮ እንደወጣ አንድ ሰው ይመርጣል፤ ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ሐሳብ ለሐሳብ ይነጋገራሉ። ጋላቢው ቢሞት ዘንዶው ማንም ወደማይመለስበት ባዶና ብርድ ይከተለዋል። የክሪስቶፈር ፓኦሊኒ «ኤራጎን» በልጁ መዳፍ ላይ የብር ምልክት አተመበት። እ.ኤ.አ. በ2023 የወጣው የርብቃ ያሮስ «ፎርዝ ዊንግ» ደግሞ ነገሩን አንድ እርምጃ ወደፊት ወሰደው፤ የሁለቱ ዋና ገጸ ባሕርያት ዘንዶዎች የተጣመሩ ባልና ሚስት ስለሆኑ ጋላቢዎቻቸውም ለረጅም ጊዜ ተራርቀው መቆየት አይችሉም።

እነዚህን መጻሕፍት እወዳቸዋለሁ። ማካፍሪ በተለይ ትስስሩ ሰውዬውን ምን እንደሚያስከፍለው ጠንቅቃ ታውቅ ነበር፤ ጫጩቱን ማብላት፣ ቆዳው እንዳይሰነጠቅ ዘይት መቀባት የጋላቢው የዕለት ሥራ ነው። እርሷን ተከትለው የጻፉ ብዙዎች ግን የወሰዱት የመመረጡን ቅጽበት ብቻ ነው። ወጣት ጸሐፊዎች የሚያሳዩኝ ረቂቅም እንዲሁ ነው፤ ዓይን ለዓይን ይተያያሉ፣ ብርሃን ይፈነጥቃል፣ ከዚያ በኋላ ትስስሩ ማንንም ምንም አይጠይቅም። ምንም የማይጠይቅ ትስስር መቶ ገጽ አይዘልቅም።

ወደ ዛሩ ልመለስ። ሱዳኖች ዛርን የሚያውቁት እኛ በምናውቀው መልክ ነው። ዛር የያዘው ሰው ዛሩን አያስወጣውም፤ ከእርሱ ጋር ይስማማል እንጂ። ዛሩ በበሽታ ይመጣል፤ ሼኻ የምትባለው የሥርዓቱ መሪ ማንነቱን ትጠይቀዋለች፤ ስሙንና የሚፈልገውን ይናገራል፤ ከዚያ ወዲያ እስከ ዕለተ ሞት አብረው ይኖራሉ። የሱዳን ዛሮች ወገን ወገን አላቸው፤ ደርቪሾች አሉ፣ ፓሻዎች አሉ፣ ከዋጃ የሚባሉ ፈረንጆች አሉ። ሐበሾችም አሉ፤ ሉሊያ አል ሐበሺያ የምትባለው ከእነርሱ አንዷ ናት። ሐበሾቹ ቀይ ልብስ ይሻሉ፣ ቡና ይሻሉ። እያንዳንዱ ዛር በከበሮ የሚጠራበት የራሱ ዜማ አለው።

ጎንደርም ያው ነው። ፈረንሳዊው ሚሼል ሌሪስ እ.ኤ.አ. በ1932 መልካም አያሁ ወደተባለች ባለዛር ቤት ለወራት እየተመላለሰ ያየውን መዝግቦ፣ በ1958 ስለ ጎንደር ዛር ቲያትራዊ ገጽታ መጽሐፍ አሳትሟል። ዛሩ የያዘው ሰው ፈረሱ ይባላል። ይህን ባሰብኩ ቁጥር የዘንዶ ልቦለዶቹን ገልብጬ አነባለሁ፤ በእነርሱ ዘንድ ሰው ይጋልባል፣ በእኛ ዘንድ ግን የሚጋለበው ሰው ነው። ዛሩ ምሱን ይጠይቃል፤ የዚህ ቀለም በግ፣ ይህን ሽቶ፣ ይህን ቀለበት፣ በዚህ ቀን ቡና። ምሱ ከተጓደለ ፈረሱ ይታመማል። ሴቲቱ ለዛሯ ቃል የገባችውን ለመፈጸም ከጎረቤት ስትበደር፣ ባሏ ሲያጉረመርም፣ ልጆቿ ሲያፍሩባት ወይም ሲያግዟት ልቦለዱ እዚያ ውስጥ አለ።

አሁን በምጽፈው ታሪክ ትርንጎ የምትባል ሴት አለች። ዘንዶዋ ረቡዕ ረቡዕ አንገቱ በለጋ ቅቤ መታሸት አለበት፤ ጥቁር ልብስ ደግሞ ፊቱ አይለበስም። ሁለቱም ቀላል ይመስላሉ። ቅቤው በክረምት ርካሽ ነው፣ በበጋ ይወደዳል፤ በበጋ ከብቷ ወተት ስታቋርጥ ትርንጎ የእናቷን ማርዳ ለመሸጥ ገበያ ትወጣለች። ከዚያ አባቷ ይሞታል። ጥቁር ካልለበሰች አገሩ አባቷን የናቀች ይላታል፤ ከለበሰች ዘንዶዋ ፊቱን ያዞርባታል፤ ፊቱን ባዞረ ጊዜ ደግሞ እርሷ ዓይኗ ይጋረዳል። ለቀስተኛው ግቢውን ሞልቶ ሳለ ጓዳ ገብታ ሁለቱን ልብሶች ዘርግታ ስትቆም፣ ስለ ፍቅሯ አንድ ቃል መጻፍ አላስፈለገኝም። አንባቢ ለየትኛው እንደምታዳላ ለማወቅ እጇን ይከተላል። ያንን ምዕራፍ የሰጠኝ የኦምዱርማን ከበሮ ነው፤ ያለ እርሱ እኔም ብርሃን አፈነጥቅ ነበር።

ከሱዳን ያገኘሁት ትምህርት ግን ከበሮው ብቻ አይደለም። ከካርቱም በስተሰሜን ምሥራቅ፣ ከዐባይ ርቆ በረሃው ውስጥ፣ ናጋ የሚባል የሜሮዌ ዘመን ከተማ ፍርስራሽ አለ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2011 ከዓለም ቅርሶች ጋር መዝግቦታል። እዚያ አፔደማክ የተባለ አምላክ ቤተ መቅደስ ይገኛል፤ በአንደኛው ክፍለ ዘመን ንጉሥ ናታካማኒና ንግሥት አማኒቶሬ ያሠሩት ነው። በበሩ ማማ ጎን ላይ አፔደማክ ከአበባ ውስጥ እየተጠማዘዘ ይወጣል፤ አካሉ የእባብ፣ ራሱ የአንበሳ፣ ክንዱ የሰው ነው። ከምድራችን ዘንዶዎች መካከል እንዲህ በጸጥታ የተቀረጸ ሌላ አላውቅም።

እኔን የያዘኝ ግን ከዘንዶው ይልቅ በዙሪያው ያሉት ሰዎች ናቸው። በማማው ፊት በአንዱ ወገን ንጉሡ፣ በሌላው ወገን ንግሥቲቱ የጠላት ጸጉር ጨብጠው ቆመዋል። ቁመታቸው እኩል ነው። አማኒቶሬ ሰፊ ገላ፣ ረጅም ጥፍር ያላት ናት፤ ቀራጩ ሊያሳንሳት አልሞከረም። በጀርባው ግድግዳ ደግሞ አምላኩ ሦስት ፊትና አራት ክንድ ኖሮት፣ ከግራም ከቀኝም የሚመጡትን ባልና ሚስት በአንድ ጊዜ ይቀበላል። ይህ ጥበበኛ ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት አንድ የሙያ ጥያቄ ገጥሞት ነበር፤ አንድ ኃይል ከሁለት ሰዎች ጋር ሲተሳሰር አንዱን እንዳያስቀድም እንዴት ይደረጋል? ለእያንዳንዳቸው ፊት ሰጣቸው። እኔም ከዚያ ወዲህ ባልና ሚስት የሆኑ ሰዎች ለአንድ ዘንዶ ሲያድሩ፣ ዘንዶው ለእርሷ የሚያሳየውን ፊት ለእርሱ እንዳያሳይ አድርጌ እጽፋለሁ። ባልየው ዘንዶውን ቁጡ ነው ይላል፣ ሚስቱ ደግሞ ዓይን አፋር ነው ትላለች፤ ሁለቱም እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ከተነሣ ወዲህ፣ በ1971 የተከፈተው የሱዳን ብሔራዊ ሙዚየም ተዘርፏል። ያንን ስሰማ ልቤ መጀመሪያ የሮጠው ወደ ናጋ ግድግዳ ነው።

ትስስሩ እንዴት ይፈጸም ለሚለው ጥያቄ የእኛ አገር ሥርዓት ከማንም አስማት ይበልጥብኛል። የጡት ልጅ አለን፤ አዋቂ ሰው ራሱ ሄዶ ማር የተቀባ ጡት ወይም ጣት ጠብቶ ከታላቅ ሰው ጋር ዝምድና ይመሠርታል፤ አባት የሆነው ይጠብቀዋል፣ ልጅ የሆነው ያገለግለዋል። ሰማንያ አለን፤ ዋስና ምስክር ቆሞ፣ ንብረት ተቆጥሮ፣ ካልተስማሙም የሚፈርስ ነው። ቁርባን አለን፤ እርሱ አይፈርስም። ቄስ እንኳ ሚስቱ ሞታበት ሌላ ቢያገባ ክህነቱን ያጣል። ጸሐፊው ሰውዬውንና ዘንዶውን ከእነዚህ በየትኛው እንዳሰራቸው ካላወቀ የቀረውን ሁሉ አያውቅም። በሰማንያ የታሰረ ዘንዶ ቂም ይዞ ሽማግሌ ሊልክ ይችላል፤ በቁርባን የታሰረ ግን መሄጃ የለውም፤ ስለዚህ መኳረፍን ይማራል። የትርንጎን ዘንዶ ከማር ጀምሬዋለሁ። ጣቱን ማር ነክሮ የሚያስጠባው እርሱ ነው፤ ጥፍሩ ከልጅቱ ፊት ይረዝማል፤ እርሷም አፏን ከፍታ መጠበቅ አለባት።

ስለ ደብረ ዳሞ አጭር ነገር ልጨምር። ገድሉ እንደሚለው አቡነ አረጋዊን ወደ አምባው ያወጣቸው ስድሳ ክንድ የሚሆን ዘንዶ ነው፤ ሥዕሎቻችንም ጻድቁን ዘንዶው ተጠምጥሞባቸው ያሳያሉ። ብዙ ሰው ልብ የማይለው ቅዱስ ሚካኤልን ነው። ዘንዶው እንዳይጎዳቸው ሰይፉን መዝዞ አጠገባቸው ይቆማል። ሦስተኛ ወገን አለ ማለት ነው። ኃይለኛና ደካማ ሲዋዋሉ በቃላቸው ብቻ እንዲታመኑ የሀገሬ ሰው አይተዋቸውም፤ ዋስ ይጠራል። እኔም ለትርንጎ ሦስት ሽማግሌዎች አቆምኩላት። በጦር ዘንዶውን አይችሉትም፤ የሚችሉት ቃሉን ባጠፈ ጊዜ ስሙን በአደባባይ መጥራት ነው፤ ዘንዶዎች በእኔ ዓለም ከዚህ በላይ የሚፈሩት ነገር የላቸውም።

የመጨረሻው ጥያቄ ሞት ነው። ከዘንዶው ከአርዌ ታሪክ አንድ ነገር ሁልጊዜ አብሮኝ አለ። በትግራይ በሚነገረው መልኩ ዘንዶው ሲገደል ደሙ በንግሥተ ሳባ ተረከዝ ላይ ይንጠባጠብና እግሯ የአህያ ኮቴ ይሆናል፤ ወደ ሰሎሞን የምትሄደው በዚያ እግር ነው። ዘንዶው ሞቶም አካሏ ላይ ይኖራል ማለት ነው። ማካፍሪ ጋላቢው በሞተባት ቅጽበት ዘንዶውንም ይዛው ትሄዳለች፤ ያምራል፤ ለእኔ ግን የሚቀረው ሰው ታሪክ ይበልጥብኛል። ዛር ደግሞ ከሟቿ እናት ወደ ልጇ ይወርዳል። ትርንጎ የሞተች ጊዜ ዘንዶው ወደ ሴት ልጇ ይመጣል። ልጅቱ ማር አልጠባችም፣ ቃል አልገባችም። ዋሶቹን ልትጠራ ብትልክ ከሦስቱ ሁለቱ ሞተዋል፤ የተረፈው ጆሮው አይሰማም። አሁን የምሠራው ምዕራፍ ይህ ነው፤ ገና ያልወሰንኩት የሟቾቹ ዋሶች ልጆች የአባቶቻቸውን ዋስትና ይወርሱ እንደሆነና፣ ከወረሱም ለዘንዶው ይቆሙ ወይስ ለልጅቱ የሚለውን ነው።