ጆርናሉ የሚጠብቀውና የማይጠብቀው

በአንድ ወሰነ ትምህርት ማብቂያ ላይ አንዲት ሠልጣኝ የ52 ተማሪዎችን ውጤት ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር ስታስገባ ዋለች። ውጤቱን የሚመዘግበውን አነስተኛ ፕሮግራም የጻፍኩት እኔ ራሴ ነበርኩ። ሥራዋን ጨርሳ እንዲመዘገብ ባዘዘች በዐሥር ሰከንድ ውስጥ መብራት ጠፋ። መብራቱ ተመልሶ ማሽኑ ሲነሣ አንዳችም የስሕተት መልእክት አላሳየም፤ ፋይሉም በስሙ በቦታው ተቀምጧል። ሲከፈት ግን ባዶ ነው፤ መጠኑም 0 ባይት ይላል። ሠልጣኟም ፊቴን አየት አድርጋ፣ «መምህር፣ ይህ ዲስክ ጆርናል ስላለው መብራት ቢጠፋም ሥራችሁን ያድናል ብለውን አልነበረም?» አለችኝ።

ብዬ ነበር። በማስተማሪያ ጽሑፌም ላይ ይህንኑ አስፍሬዋለሁ፤ በሌሎች ባልደረቦቼ ጽሑፎች ውስጥም አይቼዋለሁ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንግዲህ ያችን አንዲት ዐረፍተ ነገር መመርመር ነው። ለምርመራው የመረጥኩት ሥራ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ የሚገኘውን ኤክስት-4 የተባለውን ፋይል ሲስተም ነው። አንድ ድርሰት ሲተች ጠንካራና ደካማ ጎኑ እንደሚመዘን ሁሉ፣ በብዙ ባለሙያዎች እጅ የተሠራ ፕሮግራምም በዚሁ ሚዛን ሊመዘን ይገባዋል ብዬ አምናለሁ። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

አይኖድ ምንድን ነው?

ብዙዎቻችን ፋይል ሲባል ስሙና ይዘቱ አንድ ላይ የታሰሩ ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ አይደለም። ኬን ቶምፕሰንና ዴኒስ ሪቺ ከ1969 ጀምሮ በቤል ላቦራቶሪዎች ዩኒክስን ሲሠሩ ሁለቱን ለያይተው አስቀመጧቸው። አይኖድ ማለት ስለ አንድ ፋይል የሚያስፈልገው መረጃ ሁሉ የሚሰፍርበት ካርድ ነው። በካርዱ ላይ የፋይሉ ዓይነት፣ ባለቤቱ፣ ማን ሊያነበውና ሊጽፍበት እንደሚችል፣ መጠኑ፣ የተነካባቸው ጊዜያት፣ ስንት ስሞች እንዳሉትና ይዘቱ በዲስኩ ላይ የት የት እንደሚገኝ ይጻፋል። አንድ ነገር ብቻ የለበትም፤ ይኸውም ስሙ ነው። ስሙ የሚገኘው በማውጫው ውስጥ ሲሆን፣ ማውጫም በመሠረቱ ስምን ከአይኖድ ቁጥር ጋር የሚያያይዝ ዝርዝር ነው። መዝገብ ቤት የሠራ ሰው ይህን በቀላሉ ይረዳዋል፤ ዶሴው መደርደሪያ ላይ የሚገኘው በቁጥሩ ነው፣ ስሙን ከቁጥሩ ጋር የሚያገናኘው ግን ሌላ ዝርዝር ነው።

በኤክስት-4 አንድ አይኖድ በተለመደው አሠራር 256 ባይት ይይዛል። ስለሆነም 4096 ባይት በሆነ አንድ የዲስክ ብሎክ ላይ 16 አይኖዶች ይሰፍራሉ። ቁጥር 2 የዋናው ማውጫ አይኖድ ነው፤ ቁጥር 8 ደግሞ የጆርናሉ የራሱ ነው። ፋይል ሲከፈት ከርነሉ አይኖዱን ከዲስክ ወደ ሜሞሪ አምጥቶ ሁለት ነገሮችን ይቆጥራል፤ አንደኛ፣ ፋይሉ ስንት ስሞች እንዳሉት፤ ሁለተኛ፣ በአሁኑ ሰዓት ስንት ተጠቃሚ እንደያዘው። የፋይሉ ቦታ ለሌላ የሚለቀቀው ሁለቱም ቆጠራዎች ዜሮ ሲሆኑ ብቻ ነው።

ጆርናል ለምን አስፈለገ?

አንድ አዲስ ፋይል ሲፈጠር ከርነሉ በዲስኩ ላይ ቢያንስ አራት ቦታዎችን ይለውጣል፤ የተያዙና ነጻ የሆኑ አይኖዶች የሚለዩበትን ሠንጠረዥ፣ የነጻዎቹን ብዛት የሚይዘውን መግለጫ፣ አይኖዱን ራሱንና ስሙ የሚጻፍበትን ማውጫ። መብራት በመካከሉ ቢጠፋ ስም ኖሮት ካርድ የሌለው፣ ወይም ካርድ ኖሮት ስም የሌለው ፋይል ይቀራል። በ1993 የወጣው ኤክስት-2 እንዲህ ያለ አደጋ ሲደርስበት መፍትሔው ዲስኩን ከዳር እስከ ዳር መፈተሽ ብቻ ነበር። ዲስኮች እየሰፉ በሄዱ ቁጥር ፍተሻው ሰዓታትን የሚፈጅ ሆነ። ስቲቨን ትዊዲ በ1998 ለኤክስት-2 ጆርናል የሚጨምር ንድፍ በጽሑፍ አቀረበ፤ ሥራውም ኤክስት-3 ተብሎ በ2001 ከሊኑክስ ከርነል ጋር ተዋሐደ። ኤክስት-4 ደግሞ በ2008 መጨረሻ ለአገልግሎት ብቁ ተባለ።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። የሚለወጡት ብሎኮች ሁሉ አንድ ላይ ተሰብስበው በመጀመሪያ በጆርናሉ ላይ ይገለበጣሉ፤ በመጨረሻም የማጽደቂያ ብሎክ ይጻፍባቸዋል። ወደየቋሚ ቦታቸው የሚሄዱት ከዚህ በኋላ ነው። ማሽኑ ወድቆ ሲነሣ ከርነሉ ጆርናሉን ያነባል፤ ማጽደቂያ ያለውን ሥራ እንደገና ይፈጽመዋል፣ ማጽደቂያ የሌለውን እንዳልነበረ ይቆጥረዋል።

ጠንካራ ጎኖቹ

አንደኛ፣ ሥራው ወይ በሙሉ ይፈጸማል፣ ወይ ከነጭራሹ አይፈጸምም። ግማሽ ተሠርቶ የቀረ አይኖድ አይገኝም። ሰዓታት ይፈጅ የነበረው ምርመራም በሰከንዶች ተተካ።

ሁለተኛ፣ ወላጅ አልባ የሚባሉትን አይኖዶች የሚይዝበት መንገድ ያስደንቀኛል። በእኛ ዘንድ ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይባላል። እዚህ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነው፤ አንድ ፕሮግራም የከፈተው ፋይል ሲሰረዝ ስሙ ይጠፋል፣ አካሉ ግን ፕሮግራሙ እስኪዘጋው ድረስ ይኖራል። በዚህ መካከል መብራት ቢጠፋ ስም የሌለውን ይህን አይኖድ ማን ያስታውሰዋል? ከርነሉ አስቀድሞ በዲስኩ ላይ በሰንሰለት መልክ ይመዘግበዋል፤ ማሽኑ ሲነሣም ሰንሰለቱን ተከትሎ ቦታውን ያስለቅቃል። ለሰንሰለቱም አዲስ ቦታ አልወሰደም፤ «የተሰረዘበት ጊዜ» ተብሎ በአይኖዱ ላይ በተመደበው ቦታ ላይ የሚቀጥለውን ወላጅ አልባ ቁጥር ይጽፍበታል። ፋይሉ ገና ስላልሞተ ያ ቦታ ለጊዜው ሥራ ፈት ነውና። ይህ የቁጠባ ብልሃት ለተማሪዎች ሊታይ የሚገባው ነው።

ደካማ ጎኖቹ

አንደኛ፣ የአይኖዶች ብዛት ዲስኩ ሲዘጋጅ ተወስኖ ያልቃል። በተለመደው አሠራር ለእያንዳንዱ 16384 ባይት አንድ አይኖድ ይመደባል። 16 ጊጋባይት በሆነ ዲስክ ላይ ሒሳቡ 1048576 አይኖዶች ይሰጣል። አንድ ሰው እያንዳንዳቸው አንድ ብሎክ ብቻ የሚይዙ ትንንሽ ፋይሎችን ቢያከማች፣ 4 ጊጋባይት ያህል እንደተያዘ አይኖዶቹ ያልቃሉ፤ ዲስኩም አብዛኛው ባዶ ሆኖ ሳለ «ቦታ የለም» ይላል። ሲሊኮን ግራፊክስ በ1993 የጀመረው ኤክስ ኤፍ ኤስ ግን አይኖዶችን በሚያስፈልጉ ጊዜ 64 በ64 እያደረገ ስለሚፈጥር በዚህ ረገድ ይበልጠዋል።

ሁለተኛ፣ የአንድ አይኖድ አንድ ቁጥር ብቻ ቢለወጥ፣ ጆርናሉ ላይ የሚገለበጠው ጎረቤቶቹ 15 አይኖዶች ጭምር ያሉበት ብሎክ በሙሉ ነው። ይህ ዘዴ ቀላልና አስተማማኝ ቢሆንም አባካኝ ነው። አዘጋጆቹም ጉድለቱን አይተው በ2020 ለውጡን ብቻ በአጭሩ የሚመዘግብ ተጨማሪ መንገድ አበጅተዋል፤ ይህም ሊመሰገን ይገባዋል።

ሦስተኛውና ዋነኛው ከመግቢያዬ ታሪክ ጋር የተያያዘ ነው። በተለመደው አሠራር በጆርናሉ ላይ የሚሰፍሩት አይኖዶች፣ ማውጫዎችና ሠንጠረዦች ናቸው፤ የፋይሉ ይዘት አይሰፍርም። በኤክስት-3 ይዘቱ አይኖዱ ከመጽደቁ በፊት ወደ ዲስክ እንዲወርድ ይደረግ ስለነበር፣ ጆርናሉም በየ5 ሰከንዱ ስለሚጸድቅ፣ ተጠቃሚው ሳያውቀው ይዘቱም በፍጥነት ይድንለት ነበር። ኤክስት-4 ግን ይዘቱ የሚያርፍበትን ቦታ ወዲያው ከመመደብ ይልቅ ያዘገየዋል፤ ሰፊና ተከታታይ ቦታ መምረጥ እንዲችል ነው። መዘግየቱም 30 ሰከንድና ከዚያ በላይ ሊሆን ይችላል። በዚህ መካከል ስሙና አይኖዱ ጸድቀው ይቀመጣሉ፤ መጠኑ ግን ገና 0 ነው። ላም አለኝ በሰማይ፣ ወተቷንም አላይ ማለት ይህ ነው።

በ2009 መጀመሪያ የኡቡንቱ ተጠቃሚዎች ይህንኑ አቤቱታ አቅርበው ነበር። የኤክስት-4 ዋና አዘጋጅ ቴዎዶር ጾ የሰጠው መልስ፣ አንድ ፕሮግራም ኤፍ ሲንክ በተባለው ትእዛዝ ይዘቱ ወደ ዲስክ እንዲወርድ በግልጽ ካልጠየቀ፣ ከርነሉ እንዳያዘገይ የሚከለክለው ደንብ የለም የሚል ነበር። ይሁንና በዚያው ዓመት አሮጌ ፋይል በአዲስ በሚተካበት ጊዜ ይዘቱ ሳይዘገይ እንዲወርድ የሚያደርግ ማሻሻያ ተጨመረ። ሠልጣኟ የፈጠረችው ፋይል ግን አዲስ እንጂ የሚተካ ስላልነበረ ይህ ጥበቃ አልደረሰለትም። ይዘትንም በጆርናል የሚያሳልፍ ሌላ የአሠራር ምርጫ አለ፤ ነገር ግን ሁሉን ነገር ሁለት ጊዜ ስለሚያስጽፍ ዋጋው ከባድ ነው፤ ሳይጸድቅ የቀረውንም የመጨረሻ ሥራ አያድንም።

ጥፋቱ የማን ነው?

በበኩሌ አዘጋጆቹ ከደንቡ አልወጡም እላለሁ። ይህ ሲባል ግን ከነቀፌታ ነጻ ናቸው ማለት አይደለም። ሰው ለዓመታት የለመደውን ጥበቃ ከሥሩ ሲያነሡበት፣ ደንቡ ቀድሞም አላስገደደንም ማለት እውነት ቢሆንም በቂ አይደለም። ተጠቃሚው የሚያነበው ደንቡን ሳይሆን ልማዱን ነውና። በ2009 የተደረገው ማሻሻያም ይህንኑ በተግባር እንደ ማመን ይቆጠራል።

ከነርሱ የሚበልጠው ጥፋት ግን የእኔ ነው። ፕሮግራሙን ስጽፍ ኤፍ ሲንክ አልጠየቅሁም፤ አንድ መሥመር ብቻ ነበር የሚያስፈልገው። ከዚህም የከፋው በክፍል ውስጥ የተናገርኩት ዐረፍተ ነገር ነው። ጆርናል የፋይል ሲስተሙን ሥርዓት ያድናል በማለት ፈንታ፣ ሥራችሁን ያድናል አልኩ። ከርነሉ ቃሉን ጠብቋል፤ አይኖዱ ጤናማ፣ ማውጫው የተስተካከለ፣ ዲስኩም ከስሕተት የጸዳ ነበር። ቃሉን ያጋነንኩት እኔ ነኝ። ሠልጣኟ ውጤቱን ከወረቀቱ ላይ እንደገና ስታስገባ አብሬያት ተቀምጬ አነበብኩላት። ወረቀቱ ተጥሎ ቢሆን ኖሮ ግን የ52 ተማሪዎች ድካም በእኔ አንድ ዐረፍተ ነገር ምክንያት በጠፋ ነበር።

ምን እናስተምር?

ስለዚህ ባልደረቦቼ በማስተማሪያ ጽሑፎቻቸው ያለችውን ያችን ዐረፍተ ነገር እንዲያርሙ አሳስባለሁ። በተግባር ክፍለ ጊዜም ተማሪዎች ለአንድ ፋይል ሁለት ስሞች ሰጥተው የአይኖድ ቁጥሩ አንድ መሆኑን እንዲያዩ፣ አንዱን ስም ሰርዘው ይዘቱ እንደማይጠፋ እንዲያረጋግጡ፣ ከላይ ያሳየሁትን የአይኖድ ሒሳብም በራሳቸው ዲስክ ልክ እንዲሠሩት ማድረግ ይቻላል። ፕሮግራም ለሚጽፉት ደግሞ ይህ ልማድ ይሁንላቸው፤ በጊዜያዊ ስም መጻፍ፣ ኤፍ ሲንክ ጠይቆ መልሱን መመርመር፣ ከዚያ በኋላ ስሙን ወደ ትክክለኛው መለወጥ። «ተመዝግቧል» የሚለውን መልእክት ለተጠቃሚው ማሳየት የሚገባው ይህ ሁሉ ከተፈጸመ በኋላ ነው።

የእኔ ፕሮግራም ዛሬ ያች አንዲት መሥመር ተጨምሮለታል። መብራት ግን አሁንም ይጠፋልና፣ ወረቀቱን ከመጣላችሁ በፊት ፋይሉን መልሳችሁ ክፈቱ፤ ሌላ ቅጂም ይኑራችሁ።