«ማረጋገጥ» እና «ማመስጠር»፦ በሁለት የሙያ ቃላት ላይ የቀረበ ሒስ

ኮምፒዩተርን ከሩቅ ሆኖ ለማዘዝ የሚያስችሉ ፕሮግራሞች ወደ አማርኛ ሲመለሱ ዋናውን ሸክም የሚሸከሙት «ማረጋገጥ» እና «ማመስጠር» ናቸው። ሁለቱም ነባር ቃላት ናቸው። ይሁን እንጂ ባሁኑ አሠራር አንዱ ከልክ በላይ ሰፍቷል፤ ሌላው ከቀድሞ ፍቺው ጋር ተቃርኗል።

በመጀመሪያ «ማረጋገጥ»ን እንመልከት። የተጠቃሚን ማንነት ማጣራት፣ የተላከ ኮድ ማስገባት፣ ለቀረበ ጥያቄ «እሺ» ማለት፣ ሁሉም በዚሁ ቃል ይነገራሉ። በሆሳዕና፣ በዱራሜ ወይም በሾኔ የሚሠራ አንድ የጽሕፈት ቤት ሠራተኛ እናስብ። አፉን የፈታው በሀዲይሳ ወይም በከምባትሳ ነው፤ አማርኛን የሚያነበው የክልሉ የሥራ ቋንቋ ስለ ሆነ ነው። ባለሙያ ነኝ ባይ ከአዲስ አበባ በስልክ እየመራው ሳለ «አረጋግጥ» የሚል ቃል በገጹ ላይ ይወጣል። ሠራተኛው የራሱን ማንነት እያስመሰከረ ነውን? ወይስ ኮምፒዩተሩን ለማያውቀው ሰው እያስረከበ? ቃሉ አይነግረውም።

«አመሰጠረ» በቤተ ክህነት ሊቃውንት አነጋገር ምስጢሩን አራቅቆ ገለጠ ማለት ነው። በኮምፒዩተር ሙያ ግን ቁልፉን ከያዘው በቀር ማንም እንዳያነበው ሰወረ ማለት ሆኗል። አዲሱ ፍቺ በልማድ ስለ ጸና ይነቀል አንልም፤ መዝገበ ቃላት ግን ሁለቱን ለያይቶ ማስፈር ይገባዋል።

ከሁሉ የከፋው ሁለቱን ጽንሰ ሐሳቦች ማምታታት ነው። በቀደሙት የዊንዶውስ የርቀት ዴስክቶፕ ሥሪቶች መስመሩ የተመሰጠረ ቢሆንም የአስተናጋጁ ኮምፒዩተር ማንነት በሚገባ አይጣራም ነበር፤ ስለዚህ በመካከል የገባ አስመሳይ ምስጢሩን ሊቀበል ይችል ነበር። እ.ኤ.አ. በ2007 ለሕዝብ ከቀረበው ዊንዶውስ ቪስታ ወዲህ፣ የሩቁ ኮምፒዩተር ገጽ ከመከፈቱ አስቀድሞ የተጠቃሚው ማንነት የሚጣራበት ሥርዓት ተጨመረ። እንግዲህ «መስመሩ ተመስጥሯል» የሚለው መልእክት በወዲያኛው ጫፍ ያለው ማን እንደ ሆነ አይመሰክርም። ትርጉሙም ይህን ልዩነት ሊያሳይ ይገባል።

ስለዚህ ለመጀመሪያው ጽንሰ ሐሳብ ዘወትር «ማንነት ማረጋገጥ» የሚለው ሙሉ ሐረግ እንዲጻፍ፣ ለይሁንታ «ፍቀድ»፣ ለሁለተኛው «ምስጠራ»፣ ለተቃራኒውም «ምስጠራ መፍታት» እንዲባል እንጠቁማለን። ተርጓሚዎችም ረቂቃቸውን ከማጽደቃቸው በፊት አማርኛን በሁለተኛ ቋንቋነት በሚያውቁ አንባቢያን ዘንድ እንዲፈትኑት እናሳስባለን።