ሁለት አዋቂ፣ ሁለት ሕፃን

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። አሜሪካ የሚኖረው ታናሽ ወንድሜ ደወለና፣ «ዘንድሮ ባሕር ዳር እንገናኝ» አለኝ።

«ጣና ዳር ማለትህ ነው?»

«ኧረ ጣና አይደለም! የእውነቱ ባሕር ዳር። ዛንዚባር!»

ምክንያቱንም ዘረዘረልኝ። አዲስ አበባ በመጣ ቁጥር የዕረፍት ቀኖቹ ከዘመድ ቤት ወደ ዘመድ ቤት ሲዞር፣ በየደረሰበት «ብላ እንጂ!» እየተባለ ሲለመን ያልቃሉ። እናቱን እንኳ በወጉ ሳያጫውት ሻንጣውን ይዘጋል። ስለዚህ ወጪውን እኩል ተካፍለን፣ ልጆቻችንን ሰብስበን፣ አንድ ሳምንት አንድ ግቢ ውስጥ እንክረም ነው ሐሳቡ። የሆቴሉን ምርጫ ለእኔ ተወው። «ብቻ ቅንጡ ይሁን፤ ለቤተሰብም የሚመች» ብሎ ስልኩን ዘጋ።

ይቺ «ቅንጡ ይሁን፤ ለቤተሰብም የሚመች» የምትል ቃል ስንት ሌሊት እንቅልፍ እንደነሳችኝ የማውቀው እኔ ነኝ። ሁሉም ሆቴል ቅንጡ ነኝ ይላል። ሁሉም ለቤተሰብ እመቻለሁ ይላል። ክፍል ለመያዝ በሞከርኩበት ሁሉ ደግሞ፣ እኔ ምንም ሳልነካ ተሞልቶ የሚጠብቀኝ አንድ መስመር ነበረ፦ «ሁለት አዋቂ፣ ሁለት ሕፃን»።

ለሆቴሎቹ ቤተሰብ ማለት ይኼው ነው። አባት፣ እናት፣ አንድ ወንድ ልጅ፣ አንዲት ሴት ልጅ። አራቱም ነጭ ለብሰው አሸዋ ላይ ይሮጣሉ። በሥዕሉ ላይ አያት የለችም፤ አክስት የለችም፤ ጉልበቱን የሚያመው ሰውም የለም።

የእኛን ደግሞ ቁጠሩ። እኔና ባለቤቴ፣ የ13 ዓመት ወንድ ልጃችን፣ የ9 ዓመት ሴት ልጃችን። ወንድሜ፣ ባለቤቱ፣ የ4 ዓመት ሕፃናቸው። ስምንተኛዋ የ78 ዓመቷ እናታችን። ቅጹ ገና ከልጄ ጋር ተጣላ። በብዙዎቹ ሆቴሎች ሕፃንነት የሚያበቃው 12 ዓመት ላይ ነው። ስለዚህ ልጄ ለመክፈል ጊዜ አዋቂ ሆነ፤ የስፖርት ክፍሉን ለመጠቀም ጊዜ ግን ተመልሶ ሕፃን ሆነ። እናቴ ዘንድ ስደርስማ ባሰ። ተጨማሪ አልጋ የሚዘረጋው ለሕፃን ነው እንጂ ለአዋቂ አይደለም፤ ለእርሷ ራሱን የቻለ ክፍል ያስፈልጋል ተባልኩ። ዋጋው ደግሞ ለክፍሉ መስሎኝ የነበረው በሰው፣ በሌሊት ኖሮ ተባዝቶ ቁጭ አለ። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ብር ከዶላር ጋር በገበያ ዋጋ ሲገናኝ ምን እንደሆነ ለእናንተ አልነግራችሁም። ሒሳቡን ሠራሁት፤ ደግሜ ሠራሁት።

«እናትህን ጥለህ ለመሄድ ነው ሒሳቡን የምትደጋግመው?» አለችኝ ባለቤቴ። ዝም አልኩ። ዝም ያልኩት እውነት ስለነበረ ነው።

እማዬ ከጓዳ ሰምታ ኖሮ፣ «እኔ ምን ልሠራ እሄዳለሁ? ቤቱንስ ማን ይጠብቃል? ባሕር እንደሆነ አይቻለሁ» አለች። ማየቱንስ አይታለች። አባቴ ምጽዋ ወደብ ይሠራ በነበረበት ጊዜ፣ በሃምሳዎቹ መጨረሻ፣ ሁለት ዓመት እዚያ ኖራለች። ከዚያ ወዲህ ባሕር አላየችም። ለማንኛውም ሦስተኛውን ክፍል ያዝኩ።

አሁን ስለ ምርጫዬ ልናዘዝ። በምን መረጥኩ? በመጀመሪያ በኮከብ። ኮከብ የየአገሩ መሆኑን ግን አላጣሁትም ነበር። አገራችን በ2007 ዓ.ም. ከተባበሩት መንግሥታት የቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆና ሆቴሎቿን በኮከብ ስትመድብ ብዙ ማጉረምረም እንደነበረ የምታስታውሱ ታስታውሳላችሁ። ለዓለም ሆቴሎች ሁሉ አንድ ዓይነት ኮከብ የሚያድል ዳኛ የለም። «ሰባት ኮከብ» የሚባለውማ ባለቤቱ ለራሱ የሚለጥፈው ማዕረግ ነው። ኮከብ ስለ አልጋው፣ ስለ ክፍሉ ስፋት፣ ስለ ምግብ ቤቱ ብዛት ይናገር ይሆናል። አንዲት አሮጊት ከአልጋዋ እስከ ቁርሷ ድረስ ስንት ደረጃ እንደምትወጣ ግን አይነግርህም።

ሁለተኛውና ዋነኛው መለኪያዬ ሥዕል ነበር። እዚህ ላይ ሆቴሎቹን ብቻ አልወቅስም። ያንን ገንዳና ያንን ሰማያዊ ውኃ ሳይ ልቤ ያሰበው ስለ እማዬ ጉልበት አይደለም፤ መሥሪያ ቤት ስመለስ «የት ወረዳችሁ?» የሚለኝ ሰው ፎቶውን ሲያይ ምን እንደሚል ነው። እኛ ዘንድ ዕረፍት የሚመረጠው ለሚያርፈው ሰው መሆኑ ቀርቶ ለሚያየው ሰው ሆኗል። ሠርጉን እንደዚያ አደረግነው፤ ልደቱን እንደዚያ አደረግነው፤ አሁን ተራው የባሕሩ ነው።

ነሐሴ 2 ቀን 2017 ዓ.ም. ሄድን። ጊዜው ደግ ነው። የእኛ ክረምትና የልጆቹ ዕረፍት ዛንዚባር ላይ የደረቁ ወራት ናቸው፤ እዚያ ከባዱ ዝናብ የሚወርደው ከመጋቢት እስከ ግንቦት ነው። ሆቴሉ ከሥዕሉ ያማረው ከደሴቲቱ በስተ ምሥራቅ ነበር። የደረስነው ሲመሽ ነው። ልጆቹ በማግሥቱ ረፋድ አራት ሰዓት ተኩል ላይ የመዋኛ ልብሳቸውን ለብሰው ተሰለፉ። እማዬም ነጠላዋን አጣፍታ ወጣች። በረንዳው ላይ ቆማ ግራና ቀኝ አየችና፣

«ባሕሩ የት ሄደ?» አለች።

ባሕሩ የለም። ከፊታችን ያለው እርጥብ አሸዋ፣ ጭቃና ድንጋይ ነው። ከሩቅ፣ አንድ ኪሎ ሜትር ግድም ርቆ፣ ነጭ መስመር ይታያል፤ ማዕበሉ የሚሰበረው እዚያ ነው። በመካከሉ የመንደሩ ሴቶች ጎንበስ ብለው የባሕር ሣር ይለቅማሉ። ገመድ ላይ አሥረው አብቅለው፣ አድርቀው የሚሸጡት ምርታቸው ነው። ለእነርሱ ይኼ የሥራ ሰዓት ነው፤ ለእኛ ግን «ውድመት» ነበር።

የምሥራቁ ዳርቻ እንዲህ ነው። ባሕሩ በቀን ሁለቴ ይሞላል፤ ሁለቴ ይሸሻል። ሰዓቱም በየቀኑ ሃምሳ ደቂቃ ያህል እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ በሆነችና አዲስ በወጣች ሰሞን ሽሽቱ ይብሳል። እኛ ደግሞ የደረስነው በሙሉ ጨረቃ ዋዜማ ነው! በሰሜን ጫፍ፣ በኑንግዊና በኬንድዋ፣ ውኃው ያን ያህል አይርቅም፤ ከትንንሽ ልጆች ጋር ለሚሄድ ሰው ልዩነቱ ብዙ ነው። ይኼ ምሥጢር አይደለም፤ የሙላቱና የሽሽቱ ሰዓት አስቀድሞ ተሰልቶ ይታወቃል። ሆቴሉ ግን ፎቶውን ያነሳው ውኃው ሲሞላ ነው። አልዋሸም፤ ሰዓቱን መርጦ ነው እውነት የተናገረው። እኔም «ረፋድ ላይ ባሕሩ የት ነው?» ብዬ አልጠየቅኩም። የጠየቅኩት «ከክፍሉ ባሕር ይታያል ወይ?» ብዬ ነው። በእርግጥም ይታያል።

ባሕሩ ሲጠፋ ሁላችንም ወደ ገንዳው ዞርን። ገንዳው ጠርዙ ከሰማይ የተገጠመ የሚመስል፣ ለፎቶ የተፈጠረ ነው። ጥልቀቱ ከዳር እስከ ዳር አንድ ሜትር ከአርባ። አጥር የለውም፤ ጠባቂ የለውም፤ «በራስዎ ኃላፊነት ይዋኙ» የሚል ጽሑፍ ግን አለው። የልጆቹ ገንዳ ለእድሳት ተዘግቷል። በሥዕሉ ላይ ያየሁት የልጆች ክበብ ከአራት ዓመት በታች ያለ ልጅ አይቀበልም፤ አራት የሞላውንም የሚቀበለው በቀን ለሦስት ሰዓት ነው።

በሁለተኛው ቀን እኛ አራት አዋቂዎች ከገንዳው አጠገብ ነበርን። እውነቱን ልናገር፤ ሦስታችን ስልክ ላይ ነበርን። የወንድሜ ልጅ ደረጃውን አንድ ሁለት ብላ ወረደች። አልጮኸችም። ውኃ የሚወስደው ልጅ እንደ ሲኒማው አይጮህም፤ አፉ ከውኃ በታች ነዋ! የጮኸችው እማዬ ናት። ወደ አሸዋው የሚወስደውን 32 ደረጃ መውረድ ስላልቻለች፣ ከማለዳ ጀምሮ ጥላ ሥር ተቀምጣ ልጆቹን ትቆጥር ነበር። ወንድሜ ከነልብሱ ገባ። ልጅቷ ሳለች፣ አለቀሰች፣ ዳነች። መስጠም ከትንንሽ ልጆች ዋነኛ የሞት ምክንያቶች አንዱ መሆኑን የዓለም ጤና ድርጅት ደጋግሞ ይናገራል። የአዲስ አበባ ልጅ ደግሞ ዋና የት ይለማመዳል?

ያን ዕለት ማታ ወንድሜም እኔም አልተነጋገርንም። በቅጹ ላይ ቦታ ያጣንላት፣ ለማምጣት ሒሳብ የደጋገምኩባት ሰው ናት ልጁን ያተረፈችልን።

የምግቡን ነገር በአጭሩ ልለፈው። ወቅቱ ፍልሰታ ነው። ክፍያችን «ሁሉን ያካተተ» ነበር። ያካተተው ሁሉ ግን ቅቤ፣ እንቁላል፣ አይብና ሥጋ ነው። እናቴ እንደምትጾም ሲነገረው አስተናጋጁ በደስታ ዓሣ አመጣላት። ሁለት ቀን በዳቦና በሙዝ አሳለፈች። በሦስተኛው ቀን ከወጥ ቤቱ አንዲት ሴት አይታት ኖሮ፣ ሠራተኞቹ ራሳቸው የሚበሉትን አመጣችላት፤ በኮኮናት የተሠራ ቦሎቄ፣ ሩዝና ጎመን የመሰለ ቅጠል። እማዬ «ይኼን እያላችሁ ነው ያንን የምትሰጡን?» ብላ ሳህኑን አጸዳችው። አገሩ የጾም ምግብ ሞልቶታል፤ ቡፌው ላይ የሚወጣው ግን ለእንግዳ ክብር አይበቃም ተብሎ ተደብቋል። እኛስ ሽሮውን ከሆቴል ያባረርነው በምን ምክንያት ነበር?

ከሁሉ የማልረሳው ግን ሌላ ነው። አትክልቱን የሚያጠጣ አንድ ወጣት በየማለዳው እማዬ ፊት ጎንበስ ብሎ «ሺካሞ» ይላታል። በስዋሂሊ ለታላቅ ሰው የሚሰጥ የአክብሮት ሰላምታ ነው፤ ታላቁ «ማራሃባ» ብሎ ይመልሳል። እርሷ «እግዚአብሔር ይስጥልኝ» እያለች ትመልሳለች፤ ተግባብተዋል። ይኼ ልጅ ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ ባሕሩ ሞልቶ አሸዋውን ሲሸፍን፣ ማንም ሳያዘው ወንበር ተሸክሞ ወረደ። ከዚያ ጓደኛውን ጠርቶ እማዬን ግራና ቀኝ ደግፈው ደረጃውን አወረዷት። ውኃው እግሯን እስኪነካ ተቀመጠች። ከምጽዋ ወዲህ፣ ወደ ስልሳ ዓመት ግድም መሆኑ ነው። ምን እንዳሰበች አልጠየቅኳትም። «ጨዉ ያው ነው» ብቻ አለች።

እንግዲህ ቅንጦት ማለት ይኼ ነው ካላችሁኝ አልከራከርም። ግን አገልግሎቱ በዋጋው ዝርዝር ውስጥ አልነበረም። ያደረገውም ሆቴሉ ሳይሆን የልጁ አስተዳደግ ነው።

ይኼን የምጽፈው ዛንዚባር መሄድ ለሚችለው ጥቂት ሰው ብቻ አይደለም። ቢሾፍቱ ሐይቅ ዳርም፣ ሐዋሳም፣ ላንጋኖም ያችው «ለቤተሰብ ተስማሚ» የምትል ቃል ተለጥፋለች። ስለዚህ ገንዘባችሁን ከማውጣታችሁ በፊት ደውሉና ጠይቁ። ገንዳው የት ጋ ነው የሚጠልቀው? ማን ነው የሚጠብቀው? «ጎን ለጎን» ያላችሁኝ ክፍሎች በመካከላቸው በር አላቸው ወይስ ጎረቤት ብቻ ናቸው? በሩ ያለውን ትሰጡኛላችሁ ወይስ «ከተገኘ» ነው? ከክፍሉ እስከ ምግብ ቤቱ ስንት ደረጃ አለ? ለሚጾም ሰው ምን አላችሁ? ወባ ባለበት አገር ከሆነ፣ አልጋው አጎበር አለው ወይ? የአዲስ አበባ ልጅ ወባ በሌለበት ደጋ ያደገ ነውና፣ ከጉዞው በፊት ሐኪም ማማከርም አይቀርም። ታንዛኒያ ለመግባት የቢጫ ወባ ክትባት ካርድ እንደሚያስፈልግ፣ ዛንዚባር ደግሞ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ለአዋቂ 44 ዶላር የጉዞ ዋስትና እንደምታስከፍል ሥዕሉ ላይ አይጻፍም። እነዚህን ስትጠይቁ «እንደዚህ የሚጠይቅ እንግዳ አጋጥሞን አያውቅም» ከተባላችሁ፣ መልሳችሁን አግኝታችኋል።

ወንድሜ በቀደም ደውሎ ነበር። ለሚቀጥለው ዓመት ሌላ ቦታ እናስብ ይላል። «አንተው ምረጥ» አለኝ አሁንም። እሺ አልኩት። ቅጹን ስከፍት ያችው መስመር ተሞልታ ትጠብቀኛለች፤ አውቃለሁ። እኔ ግን መቁጠር የምጀምረው ከእማዬ ነው።